ግማሽ ዙር

የሞተው ሰው ሲሊንደር ከግማሽ በላይ አየር ይዟል። ኢንስፔክተር ሌይሳቪ የአየር መለኪያውን፣ ጌጁን፣ ወደ መስኮቱ ብርሃን አዞረችው፣ በጣቷ መታ መታ አደረገችው፤ መርፌው ግን ከቦታው ንቅንቅ አላለም። ባሕር ውስጥ በአርባ ሜትር ጥልቀት አየር አጥሮት የሞተ ሰው፣ ይህን ሁሉ አየር ጀርባው ላይ ተሸክሞ ነው የሞተው።

«ቫልቩ ነው» አላት ሳጅን ኦቤድ። «ስዘጋው ቆጥሬዋለሁ ኢንስፔክተር። ግማሽ ዙር ዞሮ ጥርቅም አለ። ግማሽ ዙር ብቻ ነበር የተከፈተው ማለት ነው። ላይ ላይ ያን ያህል ይበቃል፤ ጥልቁ ውስጥ ግን አይበቃም።»

«ይሄን ማን አስተማረህ?»

«የጠላቂዎቹ ድርጅት ባለቤት፣ ሚስተር ዋሪክ። እኔ ከዓሣ ማጥመድ ሌላ ምን አውቃለሁ?»

ቮኮ የሞተው ሰኞ ጠዋት፣ ሁለት እንግዶችን ይዞ የሰመጠውን አሮጌ የጦር መርከብ ሲያስጎበኝ ነው። ሌይሳቪ ከማሌኩላ ደሴት የተመለሰችው ረቡዕ ነው፤ ስትደርስ ፋይሉ ታስሮ፣ የእምነት ቃል ተፈርሞበት ጠረጴዛዋ ላይ ጠበቃት። በሥራ ዘመኗ እንዲህ ቶሎ ያለቀ ፋይል አጋጥሟት አያውቅም። ደስ ሊላት ይገባ ነበር፤ አላላትም።

ቃሉን የሰጠው ሬክሰን ነው፤ የሟች የሥራ ጓድ፣ የሚስቱም ወንድም። እስር ክፍሉ ውስጥ ግድግዳውን ተደግፎ ቆሞ አገኘችው።

«ተቀመጥ እንጂ ሬክሰን።»

«እኔ ነኝ የገደልኩት። ፈርሜያለሁ።»

«የፈረምከውን አንብቤዋለሁ። ቫልቩን ግማሽ ብቻ ስትከፍት ታስታውሳለህ ወይ ነው ጥያቄዬ።»

«አላስታውስም።»

«ታዲያ ያላስታወስከውን ለምን ፈረምክ?»

«የሱን ሲሊንደር የምከፍተው እኔ ነኛ! የኔን የሚከፍተው እሱ ነበር። በኛ ጀልባ ማንም የራሱን አይከፍትም፤ ሕይወትህን ለጓደኛህ ትሰጠዋለህ፣ እሱም የሱን ይሰጥሃል። ግማሽ ከተገኘ ከኔ እጅ ሌላ ከማን ይመጣል? ሚስተር ዋሪክ እንኳ ትከሻዬን ይዞ ‹ሆን ብለህ እንዳላደረግከው አውቃለሁ፣ ሰው ይሳሳታል› አለኝ። አልጮኸብኝም። ቢጮኽብኝ ይሻለኝ ነበር።»

«እህትህስ?»

«ሞሪን ንጹሕ ሸሚዝ ልካልኛለች። መልእክት የለውም። ዓርብ አምስተኛው ቀን ነው። ቤተ ዘመዱ አንድ ላይ የሚበላበት ቀን። በቸልታ የገደለ ሰው እዚያ ምንጣፍ ላይ አይቀመጥም። በዚያ ቀን ያልተቀመጠ ደግሞ ከዚያ ወዲያ ዘመድ አይባልም። ልጆቿ አጎት የላቸውም ማለት ነው።»

ሌይሳቪ ከክፍሉ ስትወጣ ሁለት ቀን እንዳላት እያሰበች ነበር።

ዋሪክ ቢሮው ውስጥ በፈገግታ ተቀበላት። ድርጅቱን ከገዛ ሁለት ዓመቱ ነው። ቀይ ፊት፣ በደንብ የተተኮሰ ሸሚዝ። ቃል ሳታወጣ «አንቺ» ብሎ ጀመረ። እሷ ግን «እርስዎ»ዋን አልቀነሰችም፤ ቁጣዋን ለሚጠቅማት ጊዜ ማስቀመጥ ታውቅበታለች።

«አስከሬኑ ወደብ ሲደርስ ዕቃውን ማን ተረከበ?»

«እኔ ራሴ። ልጆቹ ሁሉ እያለቀሱ አስከሬኑን ተከትለው ሆስፒታል ሄዱ። ሲሊንደሩንም መተንፈሻ መሣሪያውን፣ ሬጉሌተሩንም አንድ ላይ እንደታሰሩ ዎርክሾፕ ውስጥ ቆለፍኩባቸው። ሳጅንሽ ከአንድ ሰዓት በኋላ መጥቶ እስኪያሽገው ድረስ ዝንብ አልነካውም።»

«ሌላ ቁልፍ ያለው ሰው የለም?»

«አንድ ቁልፍ ነው፤ እሱም አንገቴ ላይ ነው። ምያለሁ።» ቁልፉን ከሸሚዙ ውስጥ አውጥቶ አሳያት። «ማስረጃሽን በዚህ በኩል ማንም አይነቅፈውም። ግን አንድ ነገር ልንገርሽ፤ ከሁለት ወር በፊት ያባረርኳት መካኒክ አለች፣ ኤስቴል የምትባል። እየዛተች ነው የሄደችው። የሬክሰን ስህተት ካልሆነ እሷን ጠይቂ።»

ሌይሳቪ ለመውጣት ስትነሳ ዓይኗ ግድግዳው ላይ ያለ ጽሑፍ ላይ ዐረፈ። በትልልቅ ፊደል፣ በፕላስቲክ ተለብጦ ተሰቅሏል፦ «ሠራተኛ በምንም ምክንያት የእንግዳን አየር አይነካም። የነካ ይሰናበታል።»

«ይሄ ምንድን ነው?»

«እሱ? እንግዶች እንዳይደናገጡ ነው። ዘና ለማለት ነው የሚመጡት።»

ከሁለቱ እንግዶች አንዷ፣ የኒውዚላንድ ጥርስ ሐኪም፣ አሁንም ሆቴል ውስጥ ነበረች። ሰኞ የሰጠችው ቃል ሦስት መስመር ብቻ ነው፤ ማንም አጥብቆ አልጠየቃትም። ሌይሳቪ አጠገቧ ተቀመጠች።

«መስመራችን ይህን ይመስል ነበር» አለች ሴትዮዋ። «ሬክሰን ከፊት፣ ባለቤቴና እኔ መሐል፣ ቮኮ ከኋላ። ጠባቡ መተላለፊያ ውስጥ ቁልቁል በጭንቅላታችን ወረድን። ዞር ስል ቮኮ ጌጁን እያየ ይመታዋል። መርፌው በየትንፋሹ ይወርዳል፣ ተመልሶ ይወጣል። እኔ ምን እንደሆነ አላወቅኩም!»

«ከዚያስ?»

«እዚህ ደረቴ ላይ ትርፍ መተንፈሻ ነበረኝ፣ ቢጫው። አየው። እጁን ዘረጋ፣ ልክ ሊይዘው ሲል መልሶ ሰበሰበው። ከዚያ ወደፊት ገፋኝ፣ ሂጂ አለኝ በእጁ። ለምንድን ነው ያልወሰደው? ይሄን ሁሉ ቀን ራሴን እጠይቃለሁ። ለምን አልወሰደም? እሰጠው ነበር እኮ!»

ሌይሳቪ መልሱን ታውቀዋለች፤ በፕላስቲክ ተለብጦ አይታዋለች። ለሴትዮዋ ግን አልነገረቻትም፤ ለምን ሁለተኛ ሸክም ታሸክማታለች? ወደ መኪናዋ ገብታ በሩን ጠረቀመችና መሪውን ይዛ ተቀመጠች። ሰው እየታፈነ፣ እየሞተ፣ ሥራውን እንዳያጣ እጁን ይሰበስባል! የሚሰደብ ሰው አጠገቧ አልነበረምና መኪናዋን ሰደበች።

ኤስቴልን ቤቷ በረንዳ ላይ ያም የሚባለውን ሥራ ሥር ስትልጥ አገኘቻት። ስድሳ ዓመት ያለፋት ሴት ናት፤ ክንዷ የወንድ ያህላል።

«እንደምትመጪ አውቅ ነበር» አለች ቢላዋዋን ሳታስቀምጥ። «ዋሪክ ነው የላከሽ። ሰኞ ጠዋት የልጅ ልጄ ስትወለድ ሆስፒታል ነበርኩ፤ አዋላጇን ጠይቂ፣ ጮኸሽ አሰለቸሽኝ ብላ ልታስወጣኝ ነበር። ሌላስ?»

«ሌላው፣ ይሄ መሣሪያ እንዴት እንደሚሠራ አላውቅም እትዬ ኤስቴል። ሳላውቅ ሰው ማሰር ደግሞ አልፈልግም።»

ኤስቴል ይህን ስትሰማ ቢላዋዋን አስቀመጠች። ከቤት አንድ አሮጌ ሬጉሌተር አምጥታ ከያሙ ልጣጭ አጠገብ ዘረገፈችው።

«ሲሊንደር ውስጥ ያለው አየር አውሬ ነው ልጄ። በቀጥታ አፍሽ ቢገባ ሳንባሽን ይቀድደዋል። ይቺ ሲሊንደሩ ላይ የምትታሰረው ታበርደዋለች። ግን ዝም ብላ አታበርደውም፤ ውኃው በገፋሽ ልክ አየሩን ታከብድልሻለች፣ አለዚያ ደረትሽ ተጨፍልቆ መሳብ አትችዪም። ይቺ ሁለተኛዋ አፍሽ ላይ ያለችው ናት። ውስጧ ስስ ላስቲክ አለ። ስትስቢ ወደ ውስጥ ይሰረጉዳል፣ ማንሻዋን ይጫናል፣ በሩ ይከፈታል። ስታቆሚ ይዘጋል። እስኪ ሳቢ።»

ሌይሳቪ አፏ ውስጥ አስገብታ ሳበች። ላስቲኩ ጠቅ ሲል ተሰማት።

«የምትሰጥሽ ስትጠይቂያት ብቻ ነው፤ ከጠየቅሻት ግን አትከለክልሽም። በደህና ከተያዘች! አርባ ሜትር ላይ አንድ ትንፋሽ እዚህ በረንዳ ላይ አምስት ትንፋሽ ነው። ያ ሁሉ አየር በዚህች ቀዳዳ ማለፍ አለበት።» የሸሚዝ ቁልፍ የምታህል ነገር በጥፍሯ ነካች። «ማጣሪያዋ። አረንጓዴ ከሆነች ባሕር ገብቶባታል። ከጠቆረች አየር የሚሞላው ኮምፕሬሰር ዘይት ይተፋል። ቀይ ቡኒ ከሆነች ሲሊንደሩ ውስጡን ዝጓል። ስትደፈን ላይ ላይ ምንም አይታወቅም። ታች ግን በየትንፋሹ መርፌው ይወርዳል፣ ይወጣል።»

«ቫልቩ በግማሽ ሲከፈትስ?»

«መርፌው ያው ነው። ሁለቱን ከመርፌው ብቻ አትለዪም።»

«ለምን ተባረርሽ?»

«አልፈርም ስላልኩ ነዋ! ለእንግዶቹ አዲስ አልሙኒየም ሲሊንደር ገዛ። የብረቱን ቆሻሻ፣ ውስጡ ውኃ የዋለበትን፣ ለልጆቻችን ተወላቸው። የሠራተኞቹን ሬጉሌተሮች ከዓመት በላይ ማንም አልከፈታቸውም። ‹ታድሰዋል ብለሽ ፈርሚ› አለኝ። ያላደረግሁትን አልፈርምም ብዬ ወጣሁ። ልጆቹንም አስጠንቅቄያቸው ነበር፤ ግን የት ይሂዱ?»

ሌይሳቪ ጣቢያ የደረሰችው እየበረረች ነው። ሬጉሌተሩን ከሲሊንደሩ አስፈታችና መግቢያውን በባትሪ አየችው። ማጣሪያዋ ንጹሕ ናት። እንዲያውም ታበራለች። ሳጅን ኦቤድ በትከሻዋ በኩል አጮልቆ አየና «እንግዲህ ቫልቩ ነው» አለ በሐዘን። እሱም ቢሆን ሬክሰንን ይወደዋል፤ አብረው ዓሣ ያጠምዱ ነበር።

ሐሙስ ጠዋት ሌሎቹን አራት የድርጅቱን ጠላቂዎች ወደቡ ላይ ሰበሰበቻቸው። ምን እንደምትፈልግ ራሷም በቅጡ አላወቀችውም። ሬክሰን እጁ እንዴት ሊሳሳት እንደቻለ ማየት ብቻ ነው የፈለገችው።

«አንድ በአንድ ሲሊንደር ክፈቱልኝ።»

«ይሄ ደግሞ ምን ትርኢት ነው!» አለ በዕድሜ ትልቁ፣ ታሪሜሌ። ግን ጎንበስ ብሎ እስኪቆም አዞረና እጁን አነሳ። ሁለተኛውም እንደዚያው። ሦስተኛውም፣ አራተኛውም።

«የመጥለቂያ መማሪያ መጽሐፉ ላይ ከከፈታችሁ በኋላ ትንሽ ወደኋላ መልሱት ይላል፤ ትናንት አንብቤዋለሁ» አለች።

ተሳሳቁ። «አሮጌ መጽሐፍ ነው ያነበብሽው» አለ ታሪሜሌ። «እኛ ጀልባ ላይ ያንን የሚያደርግ ሰው ራቱን አያገኝም። ዐሥራ ሁለት ዓመት ሆነን ከተውነው። አንዱ ክፍቱን ሲሊንደር ዝግ መስሎት ‹ልክፈተው› ብሎ ዘጋው፣ ከዚያ እንደ ልማዱ ግማሽ ዙር መለሰው። ሰውዬው ሞት አፋፍ ደርሶ ተመለሰ። ከዚያ ወዲህ እስኪቆም ክፈት፣ እጅህን አንሳ፣ አበቃ። የሚሳሳት ቢኖር ጥርቅም አድርጎ ይዘጋዋል፤ ያ ደግሞ እዚያው ጀልባው ላይ በሁለተኛው ትንፋሽ ይታወቃል።»

«ሬክሰንስ?»

«ሬክሰንን ያስተማርኩት እኔ ነኝ።»

ሌይሳቪ ከወደቡ በቀጥታ ወደ ጣቢያ ሄደች፤ ሬክሰንን ግቢው ውስጥ አውጥታ ሲሊንደር ፊቱ አቆመችለት።

«ክፈት።»

«አልነካውም።»

«ክፈት አልኩህ፣ ትእዛዝ ነው።»

ጎንበስ ብሎ ያዘው። ወደ ግራ አዞረው፣ አዞረው፣ ቆመ። እጁን አነሳ። ዓይኖቹን ጨፍኖ ነበር። ሌይሳቪ ወደ ክፍሉ መለሰችውና ሳጅኑን ጠራች።

«ነገ ጠዋት የሟችን ሲሊንደር ዎርክሾፑ ድረስ ይዘህልኝ ና። ነጭ ጨርቅም አምጣ፣ ያልተነካ። ኤስቴልንም ይዘሃት ና።»

ዓርብ በሦስት ሰዓት ዋሪክ ዎርክሾፑን በገዛ ቁልፉ ከፈተላቸው። ጠላቂዎቹ በሩ ላይ ቆመዋል። ኤስቴልን ሲያይ ፊቱ ተቀያየረ፤ ሌይሳቪ ግን በትሕትና ጀመረች።

«ለፋይሉ አንድ ነገር ቀርቶኛል ሚስተር ዋሪክ። ሲሊንደር በትክክል እንዴት እንደሚከፈት ያሳዩኝ።»

ደስ አለው። እጅጌውን ሰብስቦ ከእንግዶቹ ሲሊንደሮች አንዱን እስኪቆም አዞረ፤ ከዚያ ሳያስበው ግማሽ ዙር ወደኋላ መለሰው።

«ግማሹ ለምንድን ነው?»

«ቫልቩ እንዳይጣበቅ። ሠላሳ ዓመት ሙሉ እንዲህ ነው የከፈትኩት። ሬክሰንም እዚህ ላይ ነው የተምታታበት፤ ክፍቱን ዘጋው፣ ከዚያ ግማሹን መለሰው። የታወቀ ስህተት ነው።»

በሩ ላይ የቆሙት ተያዩ።

«የታወቀ ስህተት ነው፤ እነዚህ ሰዎች ጋ ግን የለም» አለች ሌይሳቪ። «እዚህ ጀልባ ላይ ግማሽ ዙር የሚመልስ እጅ የለም። ዐሥራ ሁለት ዓመት ሆነው ከተዉት። አንድ ቀን ጀልባው ላይ ወጥተው ቢሆን ኖሮ ያዩት ነበር። ሳጅን፣ ድፋው።»

ሳጅን ኦቤድ የቮኮን ሲሊንደር ዘቅዝቆ ከቫልቩ ሥር ነጩን ጨርቅ ያዘና ቫልቩን ገርበብ አድርጎ ከፈተው። አየሩ ፏ አለ። ጨርቁ ላይ ቀይ ቡኒ ዱቄት ተበተነ። ሌይሳቪ ሬጉሌተሩን አንስታ መግቢያውን ወደ ዋሪክ ፊት አዞረችው።

«ቮኮ በጭንቅላቱ ቁልቁል ሲወርድ ይሄ ሁሉ ዝገት ወደዚህች መጣ። ከዓመት በላይ ያልተነካች ማጣሪያ ናት፣ እንደ መስታወት ግን ታበራለች። እንዴት?»

«እኔ ምን አውቃለሁ። ምናልባት አንዱ...»

«አንዱ ማን? ዝንብ አልነካውም ብለዋል። ቁልፉ አንድ ነው፣ አንገቴ ላይ ነው ብለዋል። ምለዋል። እነሱ ሬሳ ታቅፈው ሲያለቅሱ እርስዎ እዚህ ቆልፈው ማጣሪያ ይቀይራሉ! ቀይረው ሲያበቁ የሬክሰን ስህተት እንዲመስል ቫልቩን ግማሽ ዙር ላይ አቆሙት። ከዚያ ወጥተው የሟችን ሚስት ወንድም ትከሻ ይዘው አጽናኑት!»

ዋሪክ ላቡን ጠረገ። «አሮጌዋ ማጣሪያ ብትገኝ ድርጅቱ ይዘጋል። ሃያ ሰው ሥራ ያጣል። ለነሱ ብዬ ነው! እንዲህ ይብሳል ብዬ አላሰብኩም። ደግሞ አንዳቸውም ቅሬታ አቅርበው አያውቁም።»

«እኔስ? እኔ ምን ነበርኩ?» ጮኸች ኤስቴል። «አስወጣኸኝ እንጂ!»

ሌይሳቪ «ለሠራተኞች» ከሚለው መስቀያ ላይ ሬጉሌተሮቹን እየነጠቀች ለኤስቴል አቀበለቻት። ኤስቴል እያንዳንዱን ወደ ብርሃን አዞረች። ቡኒ። ቡኒ። ቡኒ። አራተኛውን ስታነሳ ታሪሜሌ ወደ ውስጥ ገባ።

«ይቺ የኔ ናት» አለ ቀስ ብሎ። «ትናንት ከሰዓት በኋላ ይዣት ወርጃለሁ። ቮኮ ከሞተ በኋላ። ይሄ ሰውዬ እያወቀ ላከኝ።»

ሳጅኑ በመካከላቸው ባይቆም ኖሮ ዋሪክ በእግሩ ወደ መኪናው አይደርስም ነበር። ሌይሳቪ በገዛ እጇ አሰረችው። በሥራዋ ላይ ሰው መትታ አታውቅም፤ ያን ቀንም አልመታችም፣ ግን ከባድ ነበር።

ሬክሰን እስር ክፍሉ ውስጥ ነገሩን ከሌይሳቪ ቆሞ ሰማ። ደስታ አላየችበትም። አንድ ጊዜ ብቻ «ትከሻዬን ይዞኝ ነበር እኮ» አለ፣ ከዚያ በእጁ ትከሻውን ጠረገው፣ ደጋግሞ ጠረገው። እሷው ራሷ በመኪናዋ ወደ እህቱ ቤት ወሰደችው።

ዘመዶቹ ምንጣፉ ላይ ተቀምጠው የተጋገረው ምግብ፣ ላፕላፑ፣ በቅጠሉ ላይ ተዘርግቶ ነበር። ሬክሰንን ሲያዩ ማንም ቦታ አልለቀቀለትም። ሌይሳቪ ቆማ ሁሉንም ነገረቻቸው፤ ማጣሪያዋን፣ ዝገቱን፣ ግማሽ ዙሩን፣ ግድግዳው ላይ ያለውን ጽሑፍም ጭምር። ሞሪን እስከ መጨረሻው አዳመጠች። ከዚያ ተነስታ ወንድሟን ይዛ ከጎኗ አስቀመጠችው። ልጆቿ እግሩ ላይ ወጡ።

«ኢንስፔክተር» አለች ሞሪን ዞር ብላ፤ እንባ አልነበራትም። «ያ ሰውዬ ባሌን አንድ ጊዜ ገደለው። ወንድሜን ግን ‹አንተ ነህ የገደልከው› እያለ አምስት ቀን ሙሉ ገደለው። እኔንም ወንድሜን እንድጠላ አደረገኝ። የባሌን ትጽፊዋለሽ። ይሄኛውንስ የት ትጽፊዋለሽ?»

የክስ ቅጹ ላይ ለእንዲህ ያለ ነገር የተተወ ቦታ የለም። ሌይሳቪ ምንጣፉ ዳር ተቀመጠች፣ ቅጹን ጉልበቷ ላይ ገለበጠችው፣ ከጀርባው ባዶ ገጽ ላይ ሞሪን ያለችውን ቃል በቃል ጻፈችና እንድትፈርምበት እስክሪብቶውን ሰጠቻት።